ረግረጉን ማን ለቀመው

ባለፈው በጋ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሮኝ ተራራ የወጣን ሰው ሌባ ነው ብዬ አሥራ ሦስት ቀን ከረምኩ። ከሚመለከታቸው በቀር ለማንም አላወራሁትም ነበር። እናንተ ልጆች ግን ከእኔ የተሻለ ልብ አላችሁ፤ ብትስቁብኝም አይከፋኝም፣ ልንገራችሁ።

ሰውየው ኦድቫር ይባላል። ድልድዩን ተሻግሮ ያለው ቀይ ቤት የሱ ነው። በሥራ ዘመናችን ሁለታችንም መንገድ ሥራ ላይ ነበርን፤ በክረምት በረዶ እንጠርጋለን፣ በጋ ሲመጣ በረዶው የቆፈረውን ጉድጓድ እንደፍናለን። ጡረታ ስወጣ የራሴ ልጆች አዋጥተው ካሜራ ገዙልኝ። ድሮም አብረን ተራራ እንወጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሥራችን አንድ ነው። እሱ ዳቦውንና ትኩስ ነገር ያለበትን ቴርሞስ ይይዛል፣ እኔ ካሜራዬንና ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ፣ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ተራራ እንወጣለን። «ሁለት ጥርስ» ነው የምንለው፤ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ አንደኛው ጥርስ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ ነው። እኔ ብርሃኑ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ስጠብቅ እሱ ይቀልድብኛል።

«ምነው ቶርላይቭ፣ ተራራው ፊቱን አልታጠበም እንዴ?»

«ደመናዋ ትለፍ እንጂ።»

«ደመናዋስ አንተ እስክታልፍ እየጠበቀች ቢሆን?»

እንዲህ ነበርን። አንድ ነገር ያዙልኝ ታዲያ። ከሦስት ዓመት በፊት ልቤ ላይ ትንሽዬ ቧንቧ አስገብተውልኛል። ሐኪሟ «ተራራ ውጣ፣ ይጠቅምሃል፤ ብቻህን ግን እንዳትወጣ» አለችኝ። ባለቤቴ ጉንቮር ይህን ቃል ተቀብላ ሕግ አደረገችው። እሷ ራሷ ገደል ስታይ ያዞራታል፤ ልጆቻችን ደቡብ ናቸው። ስለዚህ ኦድቫር ከሌለ ተራራ የለም፤ ተራራ ከሌለ ደግሞ ካሜራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ እኔም መስኮት ሥር።

አሁን ወደ ሙልተው ልምጣ። እኛ ዘንድ ሰው ሕመሙን ይነግራችኋል፣ የልጁን ፍቺ ይነግራችኋል፣ የሙልተ ቦታውን ግን አይነግራችሁም። ሙልተ ረግረግ ላይ የምትበቅል፣ በአንድ ግንድ አንዲት ብቻ የምታፈራ፣ ስትበስል እንደ ማር የምትሆን ፍሬ ናት። ዕድሜዋ በዓመት ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። በክሬም ተመትታ ካልቀረበች የገና በዓል አልመጣም ማለት ነው። ደህና ረግረግ ያለው ሰው ታዲያ ባልዲውን ጀርባው ቦርሳ ውስጥ ይደብቃል፣ መኪናውን ሌላ ቦታ ያቆማል፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። «ዘንድሮ ሙልተ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ኧረ የለም፣ አበባውን ውርጭ በላው» ይላችኋል። ውርጭ በላው ያለ ሰው ሁለት ባልዲ ሙሉ ጓዳው ውስጥ አለው ማለት ነው።

የኔ ረግረግ የእናቴ ነበር። ልትሞት ስትል እህቶቼን «ውሃ አምጡልኝ» ብላ ከክፍሉ አስወጣቻቸውና በጆሮዬ ነገረችኝ። እህቶቼ እስከ ዛሬ ድረስ የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር ይሉኛል። «ተዋደዱ ብላለች» እላቸዋለሁ። ለጉንቮርም አልነገርኳትም። አርባ አራት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አልነገርኳትም። ለኦድቫርማ ከየት መጥቶ።

ቦታው ከፍታ የለውም፤ ከትራክተር መንገዱ ግማሽ ሰዓት ቢያስኬድ ነው። በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ «ጥርስ ሐኪም ጋ ልሂድ» ብዬ እወጣለሁ። ኦገስት ላይ የኛ ሸለቆ ጥርስ በሙሉ ይታመማል። ጥርስ ሐኪሙ ራሱ ግን ኦገስትን በሙሉ ዕረፍት ላይ ነው፤ ይህን ማንም አያነሳውም።

በኦገስት ስድስተኛው ቀን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ደረስኩ። ረግረጉ ባዶ ነበር።

ወፍ የበላው እንዳይመስላችሁ። ወፍ ሲበላ ይዘራል፣ ግማሹን ይተዋል። ይህ ግን በእጅ ተለቅሟል፤ ግንዱ ቆሟል፣ ፍሬዋ የተቀመጠችባት አረንጓዴ ቆብ ብቻዋን ቀርታለች። በየረድፉ። ያልበሰሉት ቀያዮቹ እንኳ አልተተዉም። ጭቃው ላይ የቦት ጫማ ዱካ አለ፤ ውሃ ሞልቶት የማን እንደሆነ አይለይም። ባልዲዬን ገልብጬ ላዩ ላይ ተቀመጥኩና ሰው ሁሉ አንድ በአንድ በሐሳቤ አለፈ። በመጨረሻ አንዱ ቆመና አልሄድ አለኝ።

ኦድቫር። መንገዴን ሁሉ የሚያውቅ ሌላ ማን አለ? ባለፈው ዓመት ከጫፉ ስንወርድ «እዚህ ቆይ፣ አንዲት ፎቶ ላንሳ» ብዬ ሸንተረሩ ላይ ትቼው ወደዚህ ወገን ዝቅ ብዬ አበባው እንዴት እንደያዘ አይቼ አልነበረም? እሱስ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንገቱ ላይ አልነበረም?

አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ልጆች። አርብ ዕለት በቤቱ በኩል ሳልፍ ቦት ጫማው ደጁ ላይ ተገልብጦ ይደርቃል፤ ሶሉ ላይ ያለው ጥቁር ጭቃ የረግረግ ጭቃ ነው። ሱቅ ውስጥ ሚስቱን ሲግፍሪድን አገኘኋት፤ ዘንቢሏ ውስጥ አራት ኪሎ ስኳርና የማርማላታ ማሰሮ ክዳን አለ።

«ምን ልትሠሪ ነው ሲግፍሪድ?» አልኳት።

«እ... ሩባርብ።»

ሩባርብ ግንዱ በስኳር የሚቀቀል ተክል ነው፤ በኦገስት ማን ይሠራዋል? እንጨት ሆኗል እኮ። ፈገግ አልኩላት፤ እሷም ፈገግ አለችልኝ። ሁለታችንም ጥርሳችን ጤነኛ ነበር።

ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ወጣን። ፊቱን አጠናሁት። እንደ ወትሮው ያፏጫል። ይህም አስጠረጠረኝ።

«ዘንድሮ ሙልተው እንዴት ነው ይላሉ?» አልኩት፣ ካሜራዬን እንደማጸዳ ሆኜ።

«የለም ይላሉ። ውርጭ።»

«ሰሞኑን የት ጠፋህ? ማክሰኞ ብደውል አልነበርክም።»

«ጥርስ ሐኪም ጋ።»

«የትኛው ጥርስህ?»

«የኋላው። አንተስ ሐሙስ የት ነበርክ?»

«ጥርስ ሐኪም ጋ።»

«የትኛው ጥርስህ?»

«የፊቱ» አልኩት። ጊዜ ወስዶ የፊት ጥርሶቼን አየና ዳቦውን ገመጠ።

ጫፉ ላይ ከድንጋይ ክምሩ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አለ፤ ውስጡ መዝገብ ነው። የወጣ ሁሉ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ይህ እኛ ዘንድ እንደ ጸሎት ነው። ለጓደኛ ይዋሻል፣ ለሚስት ይዋሻል፣ ለመዝገቡ ግን አይዋሽም፤ ወጥቶ ሳይጽፍ የወረደ ሰው እንዳልወጣ ነው። ስሜን ልጽፍ ስከፍተው የማክሰኞው ገጽ ላይ የኦድቫር ጥምዝምዝ ያለ ጽሑፍ አፈጠጠብኝ። ማክሰኞ፣ ኦገስት አራት። የኋላ ጥርሱን ተራራ ጫፍ ላይ ነው ያስነቀለው ማለት ነው።

 ስሜን ከሱ በታች ጻፍኩና መዝገቡን ዘጋሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ተመንጥሬ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጉንቮር ወደ ሹራብ ማኅበሯ ስትሄድ ካሜራዬን ከረጅሙ መነጽሩ ጋር ይዤ ወጣሁ። ብቻዬን። ሕጉን አፈረስኩ፤ ልቤ ደግሞ በየዳገቱ ይህን ያስታውሰኛል። የኦድቫርን ሰማያዊ መኪና የድሮው ድንጋይ ካባ አጠገብ ቆማ አየኋት፤ ማንም መኪና የማያቆምበት ቦታ ነው። ሸንተረሩ ላይ በሆዴ ተኝቼ በመነጽሩ ታች ታቹን ፈለግኩ።

አገኘሁት። ተንበርክኳል፣ አጠገቡ ነጭ ባልዲ አለ፣ እጁ ይሄዳል ይመጣል። አነሳሁት። ማስረጃ እንዲሆነኝ ብዬ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ጊዜ። ከዚያ ካሜራው ጀርባ ላይ ባለው መስታወት ምስሉን አጎላሁትና ከፊቱ ይልቅ ዙሪያውን አየሁ።

የኔ ረግረግ አልነበረም።

መሐሉ ላይ ትንሽ ደሴት ያላት ሐይቅ አለች፣ በስተጀርባዋ ጎባጣ የበርች ዛፎች። ከሁለት ጥርስ ወዲያ ማዶ፣ በሕይወቴ ረግጬው የማላውቅ ቦታ። የራሱ ቦታ ነው። የአባቱ ይሆናል፣ የአያቱ ይሆናል። ሰው በቁልፍ ቀዳዳ የሰው መኝታ ቤት አይቶ እንደሚደነግጥ ደነገጥኩ። ልመለስ ስል መሰለኝ ፀሐይዋ መነጽሬ ላይ ብልጭ ያለችው። ቀና አለ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደኔ አቅጣጫ አየ። ከዚያ ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ፤ ቀስ ብሎ ባልዲውን ከደነና ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ እንደ ዶሮ። እንዲያ ተቀምጦ እኔ ያለሁበትን ሸንተረር እያየ ቆየ፤ እኔም አፍንጫዬን ሣሩ ውስጥ ቀብሬ ቆየሁ። ማናችን ቀድሞ እንደተነሳ አሁን ትዝ አይለኝም።

ይህን ካየሁ በኋላ ጥርጣሬው ለቀቀኝ ትሉ ይሆናል። አልለቀቀኝም። የራሱ ያለው ሰው የሌላውን አይለቅምም ያለው ማን ነው? እያልኩ አደርኩ።

ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። አልመጣም። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ደወልኩ። ሲግፍሪድ አነሳችው።

«ኦድቫር የለም» አለች፣ ገና ሳልጠይቃት።

«የት ሄደ?»

«ጥርስ ሐኪም ጋ።»

«በቅዳሜ?»

«የጥርስ ሕመም ቅዳሜ አያውቅም፣ ቶርላይቭ» ብላ ዘጋችው። ከኋላዋ የሬዲዮው ድምፅ ቀነስ ሲል ሰምቻለሁ።

ጉንቮር በመስኮት አይታኝ ነበር። ስገባ ማቆሚያውን ከእጄ ወሰደችና ቁም ሣጥን ውስጥ አቆመችው፤ ካሜራውንም አስከተለችው።  የቁም ሣጥኑ በር ሲዘጋ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። አራት ቀን መስኮት ሥር ተቀምጬ ሁለት ጥርስ ላይ ብርሃን ሲመጣና ሲሄድ አየሁ። ደግሞ እንዲህ ያለ ብርሃን፣ ልጆች። እኔ ስቀመጥ ነው የሚያምርበት።

ረቡዕ ዕለት ጉንቮር ወጥ ቤት ዓሣ እየፋቀች ሳለች አላስቻለኝም።

«ኦድቫር ረግረጌን ለቀመብኝ» አልኳት።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሌላ ማን ሊያውቀው ይችላል?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቅርፊት ባለበት ቢላዋዋ ግድግዳውን አሳየችኝ። ቀን መቁጠሪያው ነው፤ የሸለቋችን ስፖርት ማኅበር በየዓመቱ የሚያሳትመው፣ በሰፈር ሰው ፎቶ የተሞላ። ከዚያ በፊት በነበረው መጸው ከኔም አንዱን መርጠውልኝ ነበር። የኦገስትን ገጽ ሰጡኝ።

«የኔ ፎቶ ነው» አልኳት። «ምን ሆነ?»

«እስኪ ከተራራው ዝቅ ብለህ እየው።»

አየሁት። በፊተኛው ዓመት ልለቅም ሄጄ ገና ሳልጀምር ያነሳሁት ነው። ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ሁለቱ ጥርሶች ሮዝ ሆነዋል፣ ያዘነበለው ጥርስ ልክ ረግረጉ ዳር ካለችው ብቸኛ የጥድ ዛፍ አናት ላይ ተቀምጧል። ያንን ብርሃን ሳይ ባልዲዬን ጥዬ ነበር የተንበረከክሁት። ከፊት ለፊት፣ ከታች ጥግ እስከ ጥግ፣ ወርቅ የሚመስሉ ነጠብጣቦች። ብርሃን ናቸው ብዬ ነበር የኮራሁባቸው። ብርሃን አልነበሩም።

ጥርሱ ከጥዱ አናት ላይ የሚቀመጠው በዓለም ላይ ከአንድ ቦታ ብቻ ሲታይ ነው። የኛ ሸለቆ ሰው ደግሞ ሁለት ጥርስን ከእናቱ ፊት አብልጦ ለይቶ ያውቃል። ቀን መቁጠሪያው በየቤቱ ወጥ ቤት ተሰቅሏል፤ ጁላይን የቀደደ ሁሉ ከቡናው ጋር የእናቴን ረግረግ አይቶታል።

«መቼ አየሽው?» አልኳት።

«ጁላይን የገነጠልኩ ዕለት። መነጽሬን አደረግኩ፣ ዳግመኛ አየሁት። ቶርላይቭ በእርጅናው ደግ ሆነ አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አርባ አራት ዓመት አልነገርከኝም እኮ።» ዓሣዋን ገለበጠች። «ደግሞ እኔም በማግስቱ ሄጄ ነበር።»

«አንቺ?»

«ባልዲ ይዤ። ምን ያደርጋል፣ ቀድመውኛል። ሦስት ሰው አገኘሁ፤ አንዷ ሴቷ ቄሳችን ናት። ሁላችንም ወፍ ልናይ ነው የመጣነው ተባባልን።»

መሳቅ አማረኝ፣ ግን አልመጣልኝም። ያን ሁሉ ቀን ኦድቫርን በሐሳቤ ከሰስኩት፣ ፈረድኩበት፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ የሱን ቦታ ሰረቅኩት። የኔን የሰጠሁት ራሴ ነኝ። የሱን ማንም አልሰጠኝም።

«ካሜራውን አውጪልኝ» አልኳት።

«ተራራ ብቻህን—»

«ተራራ አይደለም። ድልድዩን ልሻገር ነው።»

ኦድቫር እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሲያየኝ መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለና እጆቹን አጣጠፈ።

«ጥርስህ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ሸንተረሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ዐውቃለሁ። እንዲህ ያለ ትልቅ መስታወት ተሸክሞ በሆዱ የሚሳብ ሌላ ሰው የለንም።»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቦቱን፣ ስኳሩን፣ መዝገቡን፣ ቀን መቁጠሪያውን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ እንጨት አንስቶ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«እኔ ቀን መቁጠሪያውን ዲሴምበር ውስጥ፣ ገና እንደገዛሁት ነው እስከ መጨረሻው የገለጥኩት» አለ። «ቦታህን ያኔ ዐወቅኩት።»

«ያኔ?»

«ያኔ። ስምንት ወር ዐውቄው ኖርኩ። አልሄድኩም።»

«ለምን?»

«ያንተ ነዋ።»

«ታዲያ ምነው ባስጠነቀቅከኝ?»

«ብነግርህ እንዳወቅኩት ታውቃለህ። ያን ጊዜ አንዲት ፍሬ ብትጎድል ኦድቫር ነው ትል ነበር።» አሻግሮ አየኝ። «ሳልነግርህም አልክ።»

 ካሜራውን ከፍቼ ምስሎቹን አሳየሁት። አምስቱንም አንድ በአንድ አየ፤ መጨረሻው ላይ ቆየበት።

«ወገቤ ይህን ያህል ጎብጧል?» አለ።

«በመነጽሩ ነው።»

«አትዋሽ።» ከዚያ «የቱ ነው የሚያጠፋው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። በወፍራም ጣቱ አምስቱንም ራሱ አጠፋቸው። «እነዚህ ጠፉ። ጭንቅላትህ ውስጥ ያለውስ?»

«አልሄድም። እምልልሃለሁ።»

«አንተም ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ ብለህኛል።» መጥረቢያውን ነቀለ። «ስማኝ ቶርላይቭ። ሙልተው እስኪያልቅ አላውቅህም። ሴፕቴምበር ሲገባ፣ የመጀመሪያዋ ቅዳሜ፣ ካሰኘኝ እመጣለሁ። ካላሰኘኝ አልመጣም። አትደውል። ሲግፍሪድ የምትዋሸው አለቀባት።»

ካሰኘኝ አለ፣ ልጆች። በአሥራ ሰባት ቀን ውስጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳመነዠክሁት አትጠይቁኝ። በነዚያ ቀናት ወደ ማዶ የሚወስደውን መንገድ በእግሬም በመኪናም አልነካሁም፤ ሱቅ እንኳ ስሄድ ሰዎች እንዲያዩኝ በዋናው መንገድ መሐል ነበር የምሄደው። ማን ያውቃል፣ በመስኮቱ መነጽሩን ይዞ ያየኝ ይሆናል እያልኩ።

ቅዳሜዋ ደረሰች። ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ጉንቮር መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ቆማለች፤ አላዝንልህም ትበል እንጂ እሷም አልተኛችም ነበር። ሰዓቱ አለፈ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ማቆሚያውን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ልመለስ ስል የቀዩ ቤት በር ተከፈተ።

ሰላም አላለኝም። ቴርሞሱ በቦርሳው ጎን ወጥቷል፣ ያንን አየሁ፤ ልቤ ተመለሰች። ድሮ ሁሌ ቀዳሚው እሱ ነበር፤ ለመንገድ ዓይን አለው። አሁን ግን የዳገቱ በር ጋ ስንደርስ ከፈተልኝና ቆመ።

«አንተ ቅደም» አለ።

ቀደምኩ። ከኋላዬ በትሩ ድንጋዩን ኳ፣ ኳ ሲያደርግ ይሰማኛል፤ ሳዘግም ያዘግማል፣ ስቆም ይቆማል። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ስደርስ፣ አንደኛው ወደ ጫፉ፣ ሌላው ወደ ማዶ፣ ወደ ሐይቋ፣ ትንፋሼን ልውሰድ ብዬ ቆምኩ። አንገቴን ያዞርኩም አልመሰለኝም።

«ምን ታያለህ?» አለ ከኋላዬ።

«ምንም።»

«ጫፉ በግራ ነው።»

«ዐውቃለሁ» አልኩና በግራ ወጣሁ።